እስትንፋስዎን ይግቱ

ሰኔ ፲፮፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የከፈትሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። ልጄ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ በሲቲ ስካን ክፍል ውስጥ፣ በደል እየደረሰባት ነው፤ በደሉን የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ፣ ያወቅሁትንም በቅደም ተከተል ጽፌ፣ ጊዜው ሲደርስ በሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ ላይ ለማኖር ብዕር አንሥቻለሁ። ስሜት አልጽፍም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ለተማሪዎቼ አዘውትሬ እነግራቸው እንደነበረው፣ ግሥ ካለ ባለቤት አለ፤ ባለቤቱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በግልጽ ባይጠራ እንኳ በግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ጥፋት አለ፤ እንግዲህ አጥፊ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዛሬ ከሥራ ስትመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «በክፍሉ የሚደረጉ የደረት ምርመራዎች ከሚገባው በላይ እየተደገሙ ታካሚዎች ላልተፈለገ ጨረር የተጋለጡ በመሆኑ፣ የክፍሉ ተጠሪ እንደመሆንዎ መጠን ምክንያቱን እስከ ሐምሌ ፳፭ ቀን በጽሑፍ እንዲያስረዱ፣ ይህን ካላደረጉ ግን ወደ ካርድ ክፍል የሚዛወሩ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ካርድ ክፍል! ቀን ራጅ እያነሣች፣ ማታ እየተማረች እዚያ ማሽን ፊት የደረሰች ልጅ፣ የሰው ስም በፊደል ተራ ስትደረድር ልትውል ነው።

«ማን ነው ያጠፋው?» አልኋት።

«ማንም፣ አባባ።»

«ምስሉ በራሱ ጊዜ ነው የደበዘዘው?»

«ሰዎቹ ይተነፍሳሉ» አለች፣ የረጠበ ኮቷን በወንበሩ ጀርባ ላይ እየዘረጋች። «ማሽኑ ደረታቸውን የሚያነሣው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ሰዓት ከተነፈሱ ሳንባቸው ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ እየሮጠ ፎቶ የተነሣ ሕፃን በሉት።»

«እንግዲያው እንዳይተነፍሱ ንገሯቸው።»

ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ «ራት ላቅርብ?» አለች።

ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ክፉ ደብዳቤ ቢሆንም አሠራሩ የሚነቀፍ አይደለም።

ሰኔ ፲፰፣ ረቡዕ

ምርመራዬን ከመቀጠሌ በፊት የክፍሉን አሠራር መግለጽ ይገባኛል።

ታካሚው በጠባብ አልጋ ላይ በጀርባው ይተኛል፤ አልጋው እየተንሸራተተ በትልቅ ቀለበት መካከል ያሳልፈዋል። ባለሙያዋ ከእርሱ ጋር አትሆንም፤ ጨረሩ እንዳያገኛት በወፍራም መስታወት ጀርባ ተቀምጣ ማሽኑን በኮምፒዩተር ታዝዛለች። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ከሰው ወገን ለታካሚው የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው። አዲሱ ማሽን በሚያዝያ ወር ሲተከል አብሮት የመጣው ድምፅ የባዕድ አገር ሴት ነበር። ምን እንደምትል የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ በሽተኞቹ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይሏት ነበር አሉ። አስተዳደሩ በራሳችን ቋንቋ ይቀዳ ብሎ ሲወስን ልጄ ወደ እኔ መጣች።

በብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፈችውን አሳየችኝ፦ «አየር ሳብ ያድርጉ። ቆዩልኝ። እሺ፣ ልቀቁት።»

ቀዩን ብዕሬን አነሣሁ። «ሳብ ማድረግ» የመንገድ ንግግር ነው፤ ግሡ «ሳበ» ነው። «ልቀቁት» ምኑን? የታሰረ ውሻ ነውን? «ቆዩልኝ» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

«እዚህ ላይ ‹ልኝ› ምን ይሠራል? ሰውየው የሚቆየው ለገዛ ጤናው ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም» ብዬ ሰረዝሁት።

«ታዲያ ‹ትንፋሽዎን ይያዙ› እንበል?»

«‹ይያዙ› ጠብቆ ከተሰማ ፖሊስ ያስጠራል። መላላቱንና መጥበቁን ለተኛ ሰው ማን ያስረዳዋል?»

ሳቀች።

ሁለት ቀን ደክሜበት ይህን ሰጠኋት፦ «አየር ወደ ሳንባዎ በሚገባ ከሳቡ በኋላ፣ እንዲተነፍሱ እስኪፈቀድልዎ ድረስ፣ እስትንፋስዎን ይግቱ።» ቅድመ ሁኔታው ከፊት፣ የጊዜው ገደብ ከመካከል፣ ዋናው ግሥ በተገቢ ቦታው፣ በመጨረሻ። እኔው እንዳነብበውም ተለመንሁ። በመስታወቱ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ ልጄ በጣቷ ምልክት ስትሰጠኝ አነበብሁ። አስተዳዳሪው እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «ወርቅ ነው» አለኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ቃል የፈለገ ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለባለሱቁም፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ለቆመ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር ነግሬአለሁ።

ስሜት አልጽፍም ብዬ ነበር። ይህ ስሜት ሳይሆን መረጃ ነው፤ መመሪያው እንከን የሌለው መሆኑን ያረጋግጣል። ጥፋቱ ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት።

ሰኔ ፳፩፣ ቅዳሜ

የልጄ ድምፅ ሰልሏል። «ጉንፋን ነው» አለች። አያስላትም፣ አያስነጥሳትም። ሎሚ በሙቅ ውኃ ጨምቄ ሰጠኋት። በዚህ ቤት ሳል ያለብኝ እኔ ነኝ።

ሰኔ ፳፬፣ ማክሰኞ

ምርመራው ፍሬ አፈራ።

በሌላው ፈረቃ የሚሠራው ወጣት ባለሙያ፣ በቅጽል ስሙ «ቀጮ» የሚሉት፣ ረስታው የመጣችውን ጃንጥላ ይዞላት መጣ። በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነብብ ነበር። ሆን ብዬ አላዳመጥሁም፤ ገጽ መግለጥ ግን አቁሜ ነበር።

«ጋሽ ግቱ ዛሬም ሦስት ሰው አበላሸብን» አለ።

«ቀስ በል፣ አባቴ ቤት ነው።»

«እስከ መቼ ነው የምትሸፍኚለት? አንቺ ካርድ ክፍል ገብተሽ አቧራ ስትቅሚ እሱ እዛው ሆኖ ሊለፈልፍ?»

«ተወው በቃ። ሽማግሌ ነው።»

«ሽማግሌ ከሆነ ለምን አያርፍም!»

ትክክል ብሏል። አጥፊው ታወቀ፤ ጋሽ ግቱ ይባላል። ስሙን ከዚህ በፊት አልሰማሁትም፤ «ጋሽ» መባሉ ግን በዕድሜ የገፋ መሆኑን ያስረዳል። ጡረታውን ይዞ ቤቱ መቀመጥ ሲገባው ወንበሩን የሙጥኝ ያለ፣ የድሮ ዝናውን እየቆጠረ በልጆች ሥራ መካከል የሚገባ ሰው ነው። ልጄ ደግሞ ለሽበቱ ስትል ጥፋቱን ትሸከምለታለች። እንዲህ ያሉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም ነበር።

ሰኔ ፳፯፣ ዓርብ

ራት ላይ በቀጥታ ገባሁበት።

«በሥራ ቦታሽ የምታከብሪው አዛውንት አለ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ቀጮ ምን ነገረዎት?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«አለ» አለች፣ በዚያች በሰለለች ድምፅ።

«ሲያጠፋ ትነግሪዋለሽ?»

«እንዳጠፋ አያውቅም፣ አባባ። ደስ ብሎት ነው የሠራው። ብዙ ደስታ የለውም።»

«ደስታውን በሰው ሳንባ ላይ ነው የሚፈልገው?»

ሳቋ ፈነዳ። ሳቁ አልቆም ብሏት ዐይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ጥሩ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን፣ የሳቀችው በቀልዱ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ለኃላፊዋ የሚሰጠውን መልስ እኔ ላርቅቅልሽ አልኋት። «የጥፋተኛውን ስም ጥሪ፤ ሌላው የእኔ ሥራ ነው።»

«ስም የለውም፣ አባባ።»

«እኔ ግን ስሙን ዐውቃለሁ» አልሁ።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ያውቃሉ?»

«ጋሽ ግቱ።»

ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ከዚያ ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ የእኔን ገና ሳልጨርስ።

ሐምሌ ፩፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሳል። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በማቀዝቀዣው ላይ እንደተቀመጠ ነው። መልስ አልጻፈችም። እኔ በአንድ ሰዓት የምጨርሰውን!

ሐምሌ ፬፣ ዓርብ

ጋሽ ግቱን ፊት ለፊት ለማግኘት ወደ ሆስፒታሉ ሄድሁ። የልጄ ፈረቃ አልቆ እርሷ ቤት ተኝታ ሳለች ነው የሄድሁት፤ አልነገርኋትም።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። በሩ ላይ ቀይ መብራት አለ፤ ሲበራ መግባት ክልክል ነው። ከበሩ ትይዩ በግድግዳው ጥግ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከጀርባቸው በገመድ የሚታሰር የሆስፒታል ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ልብሱን እየያዙ ይቀመጡባቸዋል። እኔ በክራቫት መካከላቸው ተቀመጥሁ። አንዲት ወፈር ያለች ሴት ከውስጥ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ተገላገልሽ?» አላት ማዶ የተቀመጠ ሾፌር፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።

«ምን እገላገላለሁ! አንድ ጆግ ሙሉ መድኃኒት የገባበት ውኃ አጠጥተውኝ፣ ሆዴ ከበሮ ሆኖ ገብቼ ስተኛ፣ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ ‹ይጋቱ› ይለኛል። ከዚህ በላይ ከየት አባቴ ልጋት?»

ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ።

«‹ይጋቱ› ሳይሆን ‹ይግቱ› ነው» አልኋት። «‹ገታ› ከሚለው ግሥ የመጣ ነው።»

«እሱስ ምን ማለት ነው፣ አባቴ?»

«ማቆም ማለት ነው።»

«ታዲያ ‹ያቁሙ› አይልም? አፉን ምን ያዘው?»

ሾፌሩ ተቀበላት፤ «እኔን ደግሞ ‹እንዲተነፍሱ› አለኝ። እሺ ብዬ ተነፈስኩ። ከዛ ደግሞ ‹ይግቱ›። ይኸው ድጋሚ ትገባለህ ተብዬ ተቀምጫለሁ። ሰውዬው እንደ ሰካራም ትራፊክ ነው፤ በአንድ እጁ ሂድ፣ በአንዱ ቁም!»

ሕዝቡ ቋንቋውን እየረሳ ነው። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ከምርመራዬ ጋር ግን አይገናኝም።

ወለል የምትወለውለውን ሴት ጠርቼ ጋሽ ግቱ የሚባለው ሠራተኛ የት እንደሚገኝ ጠየቅኋት። መወልወያዋን ተደግፋ ሳቀች።

«ጋሽ ግቱ? ውስጥ ነዋ። ሳይበላ ሳይጠጣ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።»

«ቤተሰብ የለውም?»

«ልጅ አለችው ይላሉ። እዚሁ ነው የምትሠራው። እሷ በገባችበት ቀን ግን አፉን ትዘጋዋለች፤ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ራሷ ነው የምትናገረው። ምን አለ መሰልዎት፣ ደግ ልጅ ናት፤ ግን...»

ዝናብ ሊመጣ ስለነበር እስክትጨርስ አልቆየሁም።

ሐምሌ ፭፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሐምሌ ፱፣ ረቡዕ

ልጄ አምሽታ መጣች፤ ሳልጠይቃትም አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ። ድምፅዋ በሹክሹክታ ቀርቷል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት።

አንዲት አራስ ትናንት መጥታ ነበር፤ በሳንባዋ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሳይኖር አይቀርም ተብሎ ተጠርጥራ። ለዚህ ምርመራ በክንድ የደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ደሙን በምስሉ ላይ ነጭ አድርጎ ያሳያል። «መድኃኒቱ በሳንባ ውስጥ የሚያልፈው አንዴ ነው፣ አባባ። ማሽኑም በዚያችው ቅጽበት ማንሣት አለበት፤ ሴትዮዋም በዚያችው ቅጽበት እንደ ድንጋይ መሆን አለባት። ሦስቱ ካልተገጣጠሙ፣ መድኃኒቱ ሄደ።» ትናንት በሌላው ፈረቃ አልተገጣጠሙም። አራሷ ተንፍሳለች። መድኃኒቱ ኩላሊት እንዳይጎዳ በላይ በላዩ ስለማይሰጥ እስከ ዛሬ ማታ ጠበቁ። በመድኃኒቱ ምክንያት ልጇን እንዳታጠባ ተከልክላ እየለመነቻቸው፣ ጡቷ ልብሷን እያረጠበው፣ የረጋ ደም ይኑር አይኑር ሳይታወቅ፣ ጠበቁ።

«ዛሬ እኔ ነበርሁ» አለች። «‹ቆዩልኝ› አልኋት። ቆየች። ነበረ፤ የረጋው ደም። አገኘነው። መድኃኒት ጀምረውላታል።»

«ትናንት ለምን ተነፈሰች?» ማለት ነበረብኝ። መርማሪ ከሆንሁ መጠየቅ የሚገባኝ ይህን ነበር። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሎሚ ላምጣልሽ?» አልሁ።

ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም።

ሐምሌ ፲፬፣ ሰኞ

ሳሌ ስላልለቀቀኝ ልጄ በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጀርባዬን አዳምጦ «ሲቲ ስካን ይነሡ» ብሎ ጻፈልኝ። ልጄ «እኔ አነሣቸዋለሁ» አለች። ኃላፊዋ ግን ማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ባለሙያ የገዛ ቤተሰቡን እንዳያነሣ ከልክሏል አሉ። ሐሙስ፣ በቀጮ ፈረቃ ተቀጠርሁ።

ማታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ሐሙስ ለት... ቀጮ ራሱ እንዲናገርልዎ እነግረዋለሁ። ቅጂውን እንዳይከፍተው።»

«ለምን? የቅጂው ድምፅ ምን ጎደለው?»

«ምንም» አለች። «ምንም አልጎደለውም።» መብራቴንም አጥፍታልኝ ሄደች፤ ገና እያነበብሁ ነበር።

ሐምሌ ፲፯፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ቀበቶዬን፣ ቁልፎቼንና መነጽሬን በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አስቀመጥሁ። ከጀርባው የሚታሰረውን ልብስ ለበስሁ። ቀጮ እጄን ይዞ አስተኛኝ፤ ከጉልበቴ ሥር ትራስ አስገባ፤ ሁለቱን እጆቼን ከራሴ በላይ ዘረጋልኝ። ሰው በዚያ አኳኋን ሲተኛ የትናንት ማንነቱ ሁሉ ከበር ውጭ ይቀራል። «አይዞዎት፣ አባት» ብሎኝ ወጣ፤ ከባዱ በር ተዘጋ። ከመስታወቱ ጀርባ ኃላፊው መጥቶ መቆሙን ጥላውን አይቼ ዐወቅሁ። ቀለበቱ ማጓራት ጀመረ።

ከዚያ ከራሴ በላይ አንድ ሰው ተናገረ።

ድምፁን ዐወቅሁት። አላወቅሁትም ብዬ ብጽፍ ይህ ደብተር ይቃጠል። «አየር ወደ ሳንባዎ በሚገባ ከሳቡ በኋላ» አለ፤ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ፣ አንድም ተማሪ ቀና ብሎ እንዳያየው የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነበር። ሳብሁ። ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ግሡን መጠበቅ ነበረብኝ። ግሥ በመጨረሻ እንደሚመጣ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬአለሁ፤ ተንጋልሎ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ፈርቶ ለሚጠብቀው ሰው ግን ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አላውቅም ነበር። «እንዲተነፍሱ» አለ። ደረቴ ታዘዘው። ሐረጉን ቃል በቃል የገነባሁት እኔ፣ «እስኪፈቀድልዎ ድረስ» ከመባሉ በፊት ተነፈስሁ። «ይግቱ» ሲል ሳል ያዘኝ፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

ማይክራፎኑን ሳያጠፉት ቀርተው ነበር። በመስታወቱ ጀርባ የተባለውን ሁሉ፣ በዚያው እኔ በተናገርሁበት ድምፅ ማጉያ ሰማሁ።

«እሷ እንዳትከፍተው ብላኝ ነበር!» የቀጮ ድምፅ ነው።

«ካልተሠራበት ለምን ተቀዳ?» ይህ ኃላፊው ነው። «ይጥፋ ካላችሁ ምክንያቱን ጻፉልኝ። ተጠሪዋ ናት የምትጽፈው። አንዲት መስመር ናት፤ ‹ቅጂው ነው› ትበል፣ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።»

«አትጽፍማ! አባቷ እኮ ነው። ‹እናቴ ከሞተች በኋላ ቤታችን ውስጥ የእሱን ድምፅ የሰማሁት ያን ሳምንት ነው፤ እኔ አልዘጋውም› አለችኝ።»

 በቀለበቱ ውስጥ እንደተጋደምሁ፣ በግሡ ውስጥ የተሸሸገውን ባለቤት አገኘሁት።

«ይቅርታ፣ አባት» አለ ቀጮ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ምስሉ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። እንድገመው?»

«ድገመው። ያንን ሰውዬ ግን ዝም አሰኘው።»

«እኔው ልናገር? እንዴት... እንዴት ልበልዎት?»

«ልጄ እንደምትለው በል።»

«አየር ሳብ ያድርጉ፣ አባት» አለ። ሳብ አደረግሁ። «ቆዩልኝ።» ቀለበቱ ዞረ። «ቆዩልኝ፣ ቆዩልኝ...» ሳሉ ከጉሮሮዬ ሥር ይቧጥጠኝ ነበር። ለራሴ ጤና ቢሆን አልችለውም ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ልጅ ለእርሱ ስል እንድቆይለት ይለምነኛል፤ ቆየሁለት።

«እሺ፣ ልቀቁት!»

ለቀቅሁት።

ሐምሌ ፲፱፣ ቅዳሜ

ውጤቱ ደረሰ። ሳንባዬ ቆስሏል፤ የሚድን ነው፤ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። ልጄ ውጤቱን ስታነብልኝ ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሐሙስ የሆነውን ሰምታለች፤ እኔም መስማቷን ዐውቃለሁ። ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ብቻ ተነጋገርን።

አራሷ ትውስ ትለኛለች። ሌሊቱን ሙሉ ጡቷ እየፈሰሰ የጠበቀችው የእኔን ግሥ ነው።

ሐምሌ ፳፩፣ ሰኞ

ልጄ ሆይ፤

ደብተሩን የከፈትሁት በሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ ላይ ለማኖር ነበር። የሚመለከተው ሰው አንቺ ነሽና በአንቺ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢው። ስለ ጋሽ ግቱ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልሰርዝም።

በደብተሩ መካከል ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ።

አንደኛው ለኃላፊሽ የተጻፈ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ምርመራዎቹ የተደገሙት በቅጂው ምክንያት ነው። ዓረፍተ ነገሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያነበብሁትም እኔ ነኝ። ተጠሪዋ ያልተናገረችው ልጄ ስለሆነች ነው። ቅጂው ይጥፋ።» ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ እንዲህ አጭር ጽፌ አላውቅም፤ አራት ጊዜ ነው የቆራረጥሁት። ቅር ብሎሽ ለእኔ ስትዪ እንዳትከለክዪኝ አስቀድሜ እነግርሻለሁ፦ የእኔን ድምፅ ለማኖር ብለሽ የአንቺን ድምፅ ጨርሰሻል። ይህን ማንም አባት አይቀበልም። ቤት ውስጥ መናገር ከፈለግሁ አንቺ አለሽ፤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ የሚጠብቁ ሰዎችን ማስቸገር አያስፈልገኝም። ያቺ ወፈር ያለች ሴት ከእኔ ይልቅ ታስቃለች።

ሁለተኛው ለአዲሱ ቅጂ ያዘጋጀሁት ነው፦ «አየር ሳብ ያድርጉ። ቆዩልኝ። እሺ፣ ልቀቁት።» የአንቺው ነው፤ የገለበጥሁት ከትዝታዬ ነውና ስሕተት ካለበት ቀዩ ብዕሬ አጠገቡ አለ። በሥራ ዘመኔ ማንም በእርሱ አርሞኝ አያውቅም፤ አንቺ እረሚኝ፤ አልከራከርሽም። ቅጂውን የምታነብቢው አንቺ ነሽ፤ ግን ጉሮሮሽ ከዳነ በኋላ ነው። እስከዚያ ቀጮ ይጩህ፤ ወጣት ነው፤ ምንም አይሆንም።

ኃላፊሽ የሰጠሽ ቀን ዓርብ ያልቃል። ደብዳቤዬ እንዲሄድ ፈቃድሽን፣ አዲሱንም ቅጂ ማረምሽን ማወቅ አለብኝ። በቃል አትንገሪኝ፤ በሹክሹክታም ቢሆን አትናገሪ፤ ድምፅሽ ይረፍ። እስከ ሐሙስ፣ ሐምሌ ፳፬ ቀን ድረስ፣ መልስሽን በጽሑፍ አድርሺልኝ።